ተነቦላት ፈርማለች

(ከሰዓት በኋላ፣ አስፋልት ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ይርዳው በወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ አዲስ ቆርቆሮ በለበሰች ዳሳቸው ውስጥ ከአሮጌ ታይፓቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከአምስት ወር በፊት ፍሬን የበጠሰ ገልባጭ መኪና ቀኝ እጇን ያሳጣት ሹሩባ ሠሪዋ ዘርፌ ከፊታቸው ቆማለች፤ ሟች ባለቤታቸው የልጇ የማህደር ክርስትና እናት ስለነበሩ ሁለቱ አበልጅ ናቸው።)

ዘርፌ፦ አልቀመጥም አልኩ እኮ! ለመቀመጥ አልመጣሁም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት ይገባሉ ወይስ አይገቡም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ቁጭ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? ፀሐዩ አናት ይበሳል። በርጩማው እዚያ ጋ አለልሽ።

ዘርፌ፦ በርጩማው ላይ የፋይል ክምር አለ።

ጋሽ ይርዳው፦ አዎ... አንሺውና ቁጭ በይ ማለቴ ነው።

ዘርፌ፦ ይሄን ሁሉ በምኔ ላንሳው?

ጋሽ ይርዳው፦ እግዚኦ! ይቅር በይኝ አበልጄ። ረሳሁት።

ዘርፌ፦ እርስዎ ይረሱታል። እኔ ግን የሌሉት ጣቶቼ ሲያሳክኩኝ ነው የምውለው። ላክካቸው ብዬ ግራ እጄን እሰድና አየር አግኝቼ እመለሳለሁ። ይሁን፣ ይሄን ይተዉት። ይገባሉ ወይ?

ጋሽ ይርዳው፦ ዳኛው ምን እንዳሉሽ መጀመሪያ ንገሪኝ። ከመሐል እየጀመርሽ አታደናብሪኝ።

ዘርፌ፦ የባለመኪናው ጠበቃ ያቺን የእርቅ ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። አነበቡና "ካሳሽን ተቀብለሽ ጨርሰሻል እኮ፣ ደግሞ ምን ልትጠይቂ መጣሽ?" አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ሌባ መሰልኩ፣ አበልጄ። "ይሄ አልተነበበልኝም" አልኩ። "ማነው ያነበበልሽ?" አሉ። "ጋሽ ይርዳው" ስል ዳኛው ራሳቸው ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ጋሽ ይርዳው ይቅረቡና ይመስክሩ" ብለው ለነገ ቀጠሩኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ቀርቤስ ምን ልበል?

ዘርፌ፦ እውነቱን ነዋ። ያነበቡልኝ ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ።

ጋሽ ይርዳው፦ ያለውን ነው ያነበብኩልሽ። እዚህ ቦታ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ የሰው ወረቀት ሳነብ አንዲት አራት ነጥብ ዘልዬ አላውቅም።

ዘርፌ፦ እሱን አውቃለሁ። እሱን ስለማውቅ እኮ ነው የፈረምኩት።

ጋሽ ይርዳው፦ ያን ዕለት ደግሞ በመድኃኒት ደንዝዘሽ ነበር። እንዲያ ሆኖ የሰማውን ማን ያስታውሳል? ከሰመመንሽ ጋር ጠፍቶብሽ ይሆናል እንጂ...

ዘርፌ፦ ጎሽ! እጄን ወሰዱት፣ አሁን ደግሞ ጭንቅላቴን ይውሰዱልኝ!

ጋሽ ይርዳው፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ዘርፌ፦ ይስማ! ስለዚያ ቀን ከፈለጉ ከሀ እስከ ፐ ልንገርዎ። እጄ ከተቆረጠ ስምንተኛ ቀኔ ነበር። አምስት ሆናችሁ ለሽምግልና ገባችሁ። የሹፌሩ የንጋቱ እናት አንገታቸው ላይ ድንጋይ አሥረው ከአልጋዬ ሥር ድፍት አሉ። ነርሷ "ሆስፒታል ውስጥ ይሄ ምንድን ነው!" ብላ ጮኸች። እርስዎ "ተነሱ ካላለቻቸው አይነሱም፤ የአገር ወግ ነው፣ ልጄ" አሏት። ዋሸሁ?

ጋሽ ይርዳው፦ አልዋሸሽም።

ዘርፌ፦ "ይነሱ እማማ" አልኩ። ሹፌሩንም ይቅር አልኩ። ዛሬም ይቅር ብዬዋለሁ፤ ነገም ቢጠይቁኝ ያው ነኝ። ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ጠበቃዬ አንብበውልኛል። "ፍሬኑ አይዝም ብዬ ለባለቤቱ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ይቺን ጠጠር አድርሳትና ይታያል አለኝ" ብሏል። እምቢ ቢል ቁልፉን ነጥቆ ለሌላ ይሰጥበታል። ሹፌር ምን ያድርግ? እኔ የያዝኩት ባለቤቱን ነው። ያን ፍሬን እያወቀ ቁልቁለት ላይ የለቀቀብኝን።

ጋሽ ይርዳው፦ መያዝሽን መቼ ነቀፍኩ።

ዘርፌ፦ ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ፊደል አውቃለሁ፤ ግን ዓይኔ ይዋልል ነበር፣ ጣራው ራሱ ይዞርብኝ ነበር። "አበልጄ ያንብቡልኝ" አልኩ። ኮትዎን ቆልፈው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ ቆመው አነበቡ። ልበልልዎ? "እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው፣ በደረሰብኝ ጉዳት ሳቢያ በሹፌሩ ላይ የነበረኝን ቅሬታ ስለ እግዚአብሔር ብዬ የተውኩ መሆኔን፣ ቂምም ሆነ በቀል የሌለኝ መሆኔን..."

ጋሽ ይርዳው፦ "...በሽማግሌዎች ፊት፣ በሙሉ ፈቃዴና በነፃ ሕሊናዬ አረጋግጣለሁ።"

ዘርፌ፦ አዩ? አንድ ቃል ጎደለው?

ጋሽ ይርዳው፦ የእርቅ ቃል ሁልጊዜም ይኸው ነው። በዚህ ከተማ የታረቀ ሁሉ በዚህ ቃል ነው የታረቀው። እኔ ራሴ ነኝ በጎልማሳነቴ ያወጣሁት።

ዘርፌ፦ ያምራል። አልጋው ላይ ሆኜ አስለቅሶኛል። ታዲያ የቀረውስ? የባለመኪናው ጠበቃ የሰጠኝ ግልባጭ ይኸውልዎ፤ እኔው ላንብበው። "ከመኪናው ባለንብረትም ሆነ ከመድን ሰጪው ድርጅት ተገቢውን ካሳ በሙሉ የተቀበልኩ ስለሆነ፣ ወደፊት በማናቸውም ፍርድ ቤት ክስ የማላቀርብ መሆኔን።" ይሄንንስ አነበቡልኝ? የተቀበልኩት ሁለት ኪሎ ሙዝ ነው። ሙዙንም የላጠችልኝ ማህደር ነች። ደግሞ ይሄ ወረቀት ከእርስዎ ታይፕ የወጣ አይደለም። የእርስዎ "መ" ሁልጊዜ ትንጋደዳለች። እዚህ ላይ አንዲት የተንጋደደች "መ" የለችም፤ ጥርት ያለ ኮምፒውተር ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ኮምፒውተር ነው እንዴ?

ዘርፌ፦ ምን ማለትዎ ነው? ይዘውት ቆመው አነበቡት አይደል?

ጋሽ ይርዳው፦ አይ... ማለቴ፣ ብዙ ወረቀት ነው የማየው። የቱ በምን እንደተጻፈ በምን ልያዘው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አሉልሽ አይደል? እነሱን ምስክር ቁጠሪ።

ዘርፌ፦ አራቱም ጋ ሄጃለሁ። በር በራቸው ቆሜያለሁ። ተነጋግረው እንዳደሩ ሁሉ አንድ መልስ ነው የሰጡኝ። "ይርዳው ካነበበው ወረቀቱ ላይ ያለው ያው ነው። እሱ ቃል አይዘልም" አሉ። ይገባዎታል? አንቆ የያዘኝ የባለመኪናው ጠበቃ አይደለም። የእርስዎ መልካም ስም ነው አንቆ የያዘኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ የራስሽ ጠበቃስ?

ዘርፌ፦ በነፃ ነው የሚያዩልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። "ሕጉ ባለቤቱን አይለቀውም፤ ራሱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የሚያስመልጠው ይቺ ወረቀት ብቻ ነች፤ እሷን የሚያፈርስልሽ ደግሞ ያነበበልሽ ሰው ነው" አሉኝ። ይኸው ያነበበልኝ ሰው ፊት ቆሜያለሁ። ሰዉ ምን እንደሚል ልንገርዎ?

ጋሽ ይርዳው፦ ሰው ምን የማይለው አለ።

ዘርፌ፦ "የዳሱን ቆርቆሮ አላየሽም? አዲስ ነው። ባለመኪናው ነው ያለበሰለት" ይላሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ ማነው ያለው? ማነው እሱ! ይሄን ቆርቆሮ እድሩ ነው የሰጠኝ! የድንኳን ማስቀመጫው ሲታደስ የተረፈ ነው፤ ቃለ ጉባኤ አለው! እኔ ይርዳው ከሰው እጅ... አሥራ ስምንት ዓመት እድር ስዳኝ ከንፍሮው እንኳ ተርፎ ወደ ቤቴ የገባ የለም!

ዘርፌ፦ እኔም ምራቄን ነው የተፋሁባቸው። "አበልጄን አታውቋቸውም" ነው ያልኳቸው። ግን ቤቴ ገብቼ ስተኛ ምን ልበል? አላነበቡልኝም። ለምን አላነበቡልኝም? ወይ ገዝተውታል፣ ወይ... ወይ ብዬ ሌላ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግዲያው ገዝተውታል በይ።

ዘርፌ፦ ምን አሉ?

ጋሽ ይርዳው፦ ነገ ችሎት ቆመሽ "ገዝተውታል" በይ። እኔ አልከራከርሽም። ቢጠሩኝም ዝም እላለሁ።

ዘርፌ፦ ያመዎታል እንዴ? አሁን በቆርቆሮው ነገር ሰማይ ሊነኩ አልነበር? ሳይቀበል ተቀበልኩ የሚል ሰው የት አገር አለ?

ጋሽ ይርዳው፦ ከዚያ የባሰም ነገር አለ።

ዘርፌ፦ ከጉቦ የባሰ ምን አለ?

ጋሽ ይርዳው፦ ተይኝ፣ አበልጄ። አትጎርጉሪኝ። እንኪ፣ ውኃ ጠጪ፤ ጉሮሮሽ ደርቋል።

ዘርፌ፦ አሁንም በቀኜ!

ጋሽ ይርዳው፦ እ?

ዘርፌ፦ ውኃውን በቀኜ በኩል ዘረጉልኝ። ስመጣም ለሰላምታ ቀኝዎን ዘርግተው ቀኜን ጠበቁ። እንዴት ነው እንዲህ ልብዎ የደነደነ? ሰው አንዴ ይረሳል፣ እሺ። እዚህ ቆሜ፣ ባዶ እጅጌዬ ተንጠልጥሎ እያዩት?

ጋሽ ይርዳው፦ ንቄሽ አይደለም። በማህደር እምላለሁ፣ ንቄሽ አይደለም።

ዘርፌ፦ በልጄ አይማሉብኝ። ... እሺ ይሁን። መመስከሩን ይተዉት። ደከመኝ፣ አበልጄ። ማመልከቻ ይጻፉልኝና ልሂድ። እሱንስ አይከለክሉኝም?

ጋሽ ይርዳው፦ ኧረ እንዴት ተደርጎ! ይሄማ ሥራዬ ነው። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነሽ፤ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ኮምፒውተር ቤት ነው የሚነጉደው። ወረቀት አስገባሁ። በይ ንገሪኝ፤ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።

ዘርፌ፦ አያስተካክሉት። እንዳልኩት ይጻፉት።

ጋሽ ይርዳው፦ እንዳልሽው። "ለወረዳው ፍርድ ቤት። ከአመልካች ወይዘሮ ዘርፌ..." ቀጥዪ።

ዘርፌ፦ ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። ለሙሽራም፣ ለልቅሶ ለሚሄድም፣ ለሰባት ዓመት ልጅም እሠራ ነበር። ቁልቁለቱ ሥር ባለችው ላስቲክ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነበር የምውለው። ያን ቀን ጡሩምባውን ሰምቻለሁ። ሳይቋረጥ ነበር የሚነፋው፤ ፍሬን የለኝም፣ ሽሹልኝ ማለቱ ነበር። ሠርቼ ያልጨረስኳትን ሴትዮ በቀኝ እጄ ገፍትሬ አወጣኋት። እጄ ግን እዚያው ቀረ።

ጋሽ ይርዳው፦ "...እዚያው ቀረ።" እሺ።

ዘርፌ፦ ልጄ ማህደር ሁለተኛ ክፍል ነች። ፀጉሯ ወገቧ ይደርስ ነበር። በየእሑዱ እኔ ነበርኩ የምሠራት። ከሆስፒታል ስወጣ ጎረቤት ትሥራት ብዬ ነበር። "እማዬ ካልሆነች አልሠራም" ብላ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ጋሽ ይርዳው፦ አበልጄ፣ ዳኛ እንዲህ ያለውን አይፈልግም። ፍሬ ነገሩን ነው የሚፈልገው።

ዘርፌ፦ ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። ይጻፉ።

ጋሽ ይርዳው፦ እሺ። እየጻፍኩ ነው።

ዘርፌ፦ ሦስት ሳምንት እንደዚያው ተቋጥሮ ከረመ፤ ቅማል ገባበት። መቀስ በግራ እጄ ያዝኩ። ከሥሩ ቆረጥኩት። አልቻልኩበትም፤ አንዱን ጎን አስረዝሜ፣ አንዱን ላጭቼ፣ የበግ ሸላች መሰልኩ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። የወደቀውን ፀጉር ሰብስባ በፌስታል ቋጥራ ፍራሹ ሥር አስቀመጠች። "እጅሽ ሲመጣልሽ ትቀጥዪልኛለሽ" አለችኝ። ይጻፉ እንጂ። ምነው ታይፑ ዝም አለ?

ጋሽ ይርዳው፦ "ትቀጥዪልኛለሽ" አለችሽ?

ዘርፌ፦ ካሳው ሲፈረድ ሰው ሠራሽ እጅ ይገጠምልኛል ብዬ ነግሬያት ነበር። ከየት ይገዛል ብላኝ፣ ዳኛው ይሰጡናል ብያታለሁ። ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር "ዛሬም አልሰጡሽም?" ትለኛለች። እሱንም ይጻፉት።

ጋሽ ይርዳው፦ ጻፍኩት።

ዘርፌ፦ መጨረሻው እንዲህ ይሁን። "ወረቀቱን ያነበቡልኝ ሰው ቀርበው ለመመስከር ስላልቻሉ፣ ሌላ ምስክርም ስለሌለኝ፣ ክሴን ያነሳሁ መሆኔን።"

ጋሽ ይርዳው፦ ቆይ! ልታነሺው ነው?

ዘርፌ፦ ታዲያ ነገ ቆሜ ልዋረድ? "ተነቦላት ፈርማለች" እያሉ ከበታቹ የእርስዎን ፊርማ ሊያሳዩኝ? አንዴ ሌባ መስያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። ይጻፉ።

ጋሽ ይርዳው፦ ዘርፌ፣ ይሄን አትጻፍ በይኝ።

ዘርፌ፦ ይጻፉ አልኩ።

ጋሽ ይርዳው፦ ... "ያነሳሁ መሆኔን በአክብሮት አመለክታለሁ።" ይኸው። አለቀ።

ዘርፌ፦ ያንብቡልኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ፊደል አውቃለሁ ስትዪ አልነበር? ራስሽ እዪው።

ዘርፌ፦ ከንግዲህ ሳይነበብልኝ አልፈርምም። ያንብቡልኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ እሺ። "ለወረዳው ፍርድ ቤት። ከአመልካች ወይዘሮ ዘርፌ። ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። ለሙሽራም፣ ለልቅሶ ለሚሄድም፣ ለሰባት ዓመት ልጅም እሠራ ነበር..." ሁሉንም ላንብብ?

ዘርፌ፦ ሁሉንም።

ጋሽ ይርዳው፦ "...ቁልቁለቱ ሥር ባለችው ላስቲክ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነበር የምውለው። ያን ቀን ጡሩምባውን ሰምቻለሁ። ሳይቋረጥ ነበር የሚነፋው..." አበልጄ፣ እያለቀስሽ ነው? ላቁም?

ዘርፌ፦ አያቁሙ። የልጄን ያንብቡልኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ "...የወደቀውን ፀጉር ሰብስባ በፌስታል ቋጥራ ፍራሹ ሥር አስቀመጠች። እጅሽ ሲመጣልሽ ትቀጥዪልኛለሽ አለችኝ።" "...ክሴን ያነሳሁ መሆኔን በአክብሮት አመለክታለሁ።" በቃ፣ አለቀ። እንኪ ያዢው።... ወደቀ እንዴ?

ዘርፌ፦ በቀኜ ነው የሰጡኝ። ቆይ፣ ላንሳው። ...

ጋሽ ይርዳው፦ አገኘሽው? ምነው ዝም አልሽ? ስህተት አለበት?

ዘርፌ፦ የለበትም።

ጋሽ ይርዳው፦ ታዲያ ፈርሚ። የአሻራው ቀለም ከታይፑ ጎን አለልሽ።

ዘርፌ፦ ስህተት የለበትም፣ አበልጄ። ምንም የለበትም። ባዶ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ባዶ ማለት?

ዘርፌ፦ የታይፑ ጥብጣብ ከቦታው ወጥቶ በጎን ተንጠልጥሏል። ቀለም አልነካውም። ወረቀቱ ተወጋግቷል እንጂ አንዲት ፊደል አይታይበትም። እርስዎ ግን ይዘውት ከላይ እስከ ታች አነበቡልኝ። አንዲት ቃል ሳይዘሉ። እኔን ያዩኛል?

ጋሽ ይርዳው፦ ጥላሽን አያለሁ። ሌላው ሁሉ ጭጋግ ነው።

ዘርፌ፦ እጄንስ?

ጋሽ ይርዳው፦ የለም ሲሉ ሰማሁ። አላየሁትም። ... ለዚህ ነው በቀኝሽ የምዘረጋው። ድሮ የማውቃትን ዘርፌን ነው የማያት፤ ሁለት እጅ ያላትን።

ዘርፌ፦ መቼ ነው? መቼ ነው የጠፋብዎት?

ጋሽ ይርዳው፦ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከተማ ሄጄ ታይቻለሁ። የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይተሃል፣ የሄደው አይመለስም አለኝ ሐኪሙ።

ዘርፌ፦ ለእኔም እንዲሁ ነው ያሉኝ። "የሄደው አይመለስም።"

ጋሽ ይርዳው፦ ጣቶቼ ፊደሉን ያውቁታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የነካኩት ታይፕ ነው፤ ቢያስተኙኝም እጽፍበታለሁ። ሰው ይናገራል፣ እጽፋለሁ፤ አንብብልኝ ሲለኝ የነገረኝን መልሼ እልለታለሁ። አስታዋሽ ነኝ። ማንም አላወቀብኝም። ጥብጣቡን እንኳ ጠዋት ዳብሼ ነው ያስገባሁት፤ የገባ መስሎኝ ነበር።

ዘርፌ፦ የሆስፒታሉስ? ያን ማን ነገረዎት?

ጋሽ ይርዳው፦ የባለመኪናው ጉዳይ አስፈጻሚ ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን አቀበለኝና "እንደተለመደው ነው ጋሼ" አለኝ። እንደተለመደው ካለ የእኔ ቃል ነው ብዬ አመንኩ። እርቅ በዚህ አገር ያለ እኔ ቃል ተጽፎ አያውቅም እኮ! ኮምፒውተር ቤት ገብቶ ሌላ ያጽፋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አልጋሽ ሥር ቆሜ የራሴን ቃል ከራሴ አወጣሁልሽ። የእነሱን አላነበብኩትም። አላየሁትም። የኮምፒውተር ይሁን የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ከአንቺ ነው የሰማሁት።

ዘርፌ፦ አንዲት ቃል! "ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ያንብብላት" ቢሉ ምን ይሆኑ ነበር? ነርሷ ነበረች እኮ! ነርሷ ታነብልኝ ነበር!

ጋሽ ይርዳው፦ አውቃለሁ።

ዘርፌ፦ እጄን መኪና ወሰደው። ሹፌሩ ቢያንስ ጡሩምባ ነፍቷል! እርስዎ ምን ነፉልኝ? ፍሬንዎ ተበጥሶ፣ ኮትዎን ቆልፈው፣ ዝም ብለው መጡብኝ!

ጋሽ ይርዳው፦ በይ። እሱንም በይ፣ ይገባኛል።

ዘርፌ፦ ምን ነበር ያሰቡት? እስኪ ይንገሩኝ፣ ያን ጊዜ ምን ነበር ልብዎ ውስጥ?

ጋሽ ይርዳው፦ ደስታ።

ዘርፌ፦ ምን?

ጋሽ ይርዳው፦ "አበልጄ ያንብቡልኝ" ስትዪኝ ደስ አለኝ። ሰው አንብብልኝ ሲለኝ ገና ሰው ነኝ እላለሁ። ያ ሁሉ ሽማግሌ ቆሞ፣ ነርሷ ቆማ፣ የእኔን ድምፅ ሲሰማ... ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ደስታ ብዬ ነው የሸጥኩሽ። ገዝተውታል ብትዪ ውሸት አይደለም። ተገዝቻለሁ። የገዛኝ ባለመኪናው አይደለም እንጂ። አበልጄ? አለሽ?

ዘርፌ፦ አለሁ። መርገም ፈልጌ ቃል አጣሁ።

ጋሽ ይርዳው፦ ነገ ቀርቤ አላይም ብል ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩለት ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ውርስ አለ፣ ፍቺ አለ፣ የመሬት ክርክር አለ። እድሩም ሌላ ዳኛ ይመርጣል፤ ይቺን ቦታም ያስለቅቁኛል። ከዚያ ሁሉ በላይ "አንብቤ አሰምቻት ፈርማለች" ብዬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። ሐሰት ነው። በሐሰት ሰነድ እኔው ልከሰስ እችላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዓይኔ፣ ማረሚያ ቤት ግድግዳ እየዳበስኩ...

ዘርፌ፦ አውቃለሁ። አላስገድድዎትም። ልለምን የመጣሁት የሚያይ ሰው ነበር። የአሻራው ቀለም የቱ ጋ ነው ያሉት?

ጋሽ ይርዳው፦ ከታይፑ ጎን። ምን ልታደርጊበት?

ዘርፌ፦ ልፈርም።

ጋሽ ይርዳው፦ ባዶ ወረቀት ላይ?

ዘርፌ፦ ያለፈውም ለእርስዎ ባዶ ነበር። ይኸው። የግራ አውራ ጣቴ ነች፤ አሁን ሌላ የለኝም። እጅዎን ይስጡኝ። ይያዙት፣ አበልጄ፤ አሁን ስሰጥዎ በግራዬ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን ላድርገው ይሄን?

ዘርፌ፦ እርስዎ ጋ ይደር። ካልመጡ ክሴን አንስቻለሁ፤ ቅድም እንዳነበቡልኝ ነው፤ ለዳኛውም በአፌ እነግራቸዋለሁ። የእርስዎን ዓይን ነገር ግን ከአፌ አያወጡትም፤ ለማህደር እንኳ አልነግርም። ከመጡ ደግሞ የፈለጉትን ያንብቡበት። እኔ እንደ በፊቱ አምኜ ነው የፈረምኩት።

ጋሽ ይርዳው፦ እንዲህ አታድርጊኝ! ስደቢኝ፣ አዋርጂኝ፣ እንዲህ ግን አታድርጊኝ!

ዘርፌ፦ መስደብ አቃተኝ፤ ምን ላድርግ። ደህና ይዋሉ። ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ነው፤ "ዛሬም አልሰጡሽም?" ልትለኝ ትመጣለች።

ጋሽ ይርዳው፦ ዘርፌ! ሄድሽ? ጥላሽ ጠፋኝ።

ዘርፌ፦ አጥሩ ጋ ነኝ። ምን ፈለጉ?

ጋሽ ይርዳው፦ የችሎቱ ደረጃ ስንት ነው?

ዘርፌ፦ የቱ ደረጃ?

ጋሽ ይርዳው፦ ወደ ችሎት የሚያስወጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ወደዚያ ስሰድ ኖሬ እኔ አንድ ቀን ወጥቼው አላውቅም።

ዘርፌ፦ አራት ነው። አራተኛው ትንሽ ተሰብሯል።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግዲያው ጠዋት መጥተሽ ውሰጂኝ፤ አራተኛው ጋ ስንደርስ ንገሪኝ። ግራ እጅሽን ይዤ ነው የምገባው፣ በዋናው በር፤ ከተማው ሁሉ ቆሞ ይየኝ።